ለትንሽ የወጣቶች ቡድናችን የደህንነት ደንብ እንዴት እናውጣ?

ሰላም ለሁላችሁ። እርዳታችሁን ፈልጌ ነው። 4 በጎ ፈቃደኞች ሆነን በየሳምንቱ 26 ልጆች እናሰባስባለን። ትንሹ 9 ዓመቱ ነው፣ ትልቋ 16። የተጻፈ ደንብ የለንም።

በቀደም የአንዲት ልጅ ጉልበት ተላጠ። የመጀመሪያ እርዳታ ሳጥኑን ስከፍት ፋሻ የለም፤ አንድ የደረቀ ፕላስተር ብቻ። እናቷ ጋ ልደውል ብል ቁጥሩ ያለው የዚያን ቀን ያልመጣው ጓደኛችን ጋ ነው። በጣም ደነገጥኩ። ቁስሉ ከባድ ቢሆንስ ኖሮ?

አሁን የወላጅ ስልክና የአለርጂ መረጃ የሚሞላበት ቅጽ አዘጋጅተናል። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን እንዳይሆንም ተስማምተናል። ግን አንዳንዴ የምንመጣው ሁለት ብቻ ነን። አንዳችን የታመመ ልጅ ቤቱ ስናደርስ ደንቡም ይፈርሳል፣ የቀሩትም ልጆች በአንድ ሰው እጅ ይቀራሉ። ሁለት ብቻ ስንሆን የዚያን ቀን ፕሮግራም እንሰርዘው? ልጆቹ ሳምንቱን ሙሉ የሚጠብቁት ቀን ነው።

አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሲመጣስ? ሁለት የሚያውቁትን ሰዎች ማነጋገር ይበቃል?

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ይሄ ነው፦ አንድ ልጅ በአንዳችን ላይ ቅሬታ ቢኖረው ለማን ይናገር? አራታችንም የልብ ጓደኛሞች ነን። ከቡድኑ ውጭ የሆነ ሰው መምረጥ አስቤያለሁ፤ ልጆቹ ግን የማያውቁትን ሰው ያምናሉ ወይ? እንደኛ ትንሽ ቡድን የምትመሩ፣ እናንተ ምን አደረጋችሁ?