የልጆቼን ትምህርት ላካፍል ብዬ ጣጣ ውስጥ ገባሁ

ጤና ይስጥልኝ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው ጎንደር ነው። ከአምና ጀምሮ ልጆቼን ቤት ውስጥ አስተምራለሁ። (ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ፣ ረጅም ታሪክ ነው።)

ማስተማሩ አላስቸገረኝም። ባለፈው ሰሞን የፋሲል ግቢን አጥር ዞረን በእርምጃ ለካነው። ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ ትንሿ ግን እየዘለለች ስለቆጠረች ሂሳባችን ሌላ ሆነ።

ችግሩ የመጣው ይህን ለሌሎች ወላጆች ላሳይ ብዬ ቴሌግራም ላይ ቻናል ስከፍት ነው። አንድ ቀን የማላውቀው ሰው "ዛሬም ጠዋት ግንቡ ጋ ናችሁ?" ብሎ ጻፈልኝ። ክው አልኩ። ያኔውኑ ፎቶዎቹን አጠፋሁ፤ ቻናሉንም በመጋበዣ ሊንክ ብቻ የሚገባበት አደረግኩት። ፎቶ በፋይል መልክ ሲላክ የተነሳበትን ቦታ ይዞ ሊሄድ እንደሚችል የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ደግሞ ጥራቱ እንዳይቀንስ ብዬ ሁሉንም በፋይል ነበር የምልከው!

አሁን እጃቸውንና ደብተራቸውን ብቻ ባነሳ ይበቃል? በቤት ስማቸው ብጠራቸውስ? እኛ ሰፈር ግን ከመዝገብ ስም ይልቅ የሚታወቀው የቤት ስም ነው።

ትልቁ 11 ዓመቱ ነው። "ሳትጠይቂኝ ለምን ለጠፍሽው?" አለኝ፤ መልስ አጣሁ። አያታቸው ደግሞ ፎቶ ላኪልኝ እያለች በየቀኑ ትደውላለች። የተላከላትን ሁሉ ለማኅበርተኞቿ እንደምታስተላልፍ አውቃለሁ። ሳላስቀይማት ምን ልበላት?

በዚህ ያለፋችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።