ዴስክቶፑ አልመጣ ላለ ኮምፒውተር፦ ለማን ልስጠው?

ኮምፒውተሩ ይነሳል። የዊንዶውስ ምልክት ይመጣል፣ የይለፍ ቃል ይገባል፣ ከዚያ ጥቁር ስክሪንና ነጭ ቀስት ብቻ። ይህን ለማንም ቢነግሩ መልሱ አንድ ነው፦ «ፎርማት አድርገው!» ጥገና ቤቶችም ብዙዎቹ ወደዚያው ያዘነብላሉ። አይፈረድባቸውም። ችግሩን ማነፍነፍ ሰዓት ይበላል፤ ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ግን እጃቸው የለመደው ሥራ ነው። ሲረከቡት ኮምፒውተሩ እንደ ጥይት ይፈጥናል፤ የልጆቹ ፎቶ ግን የለም።

ስለዚህ አማራጮቹን የማወዳድረው በአንድ ነገር ነው፦ ፋይሌን ሳይነኩ የት ድረስ ያደርሱኛል?

መጀመሪያ የምጠቁመው እዚያው ቤት ያለውን ነው። ቀስቱ ከታየ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ከመጣ ዊንዶውሱ በሕይወት አለ ማለት ነው። ያልተነሳው ኤክስፕሎረር ሊሆን ይችላል፤ አይከኖቹንና ከታች ያለውን ታስክባር የሚያሳየው ፕሮግራም እሱ ነው። «ረን ኒው ታስክ» የሚለውን ነክተው በእንግሊዝኛ explorer ብለው ይጻፉና ኢንተር ይበሉ። ችግሩ እሱ ብቻ ከሆነ ዴስክቶፑ ወዲያው ብቅ ይላል። ታስክ ማናጀርም አልመጣም? የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ አብረው ሲጫኑ የግራፊክስ ድራይቨሩ (ስክሪኑን የሚያሠራው ፕሮግራም) እንደገና ይነሳል። ስክሪኑ ብልጭ ይልና ጢጥ የሚል ድምፅ ይሰማል።

አንዳንዴ ደግሞ ዴስክቶፑ ይመጣና ባዶ ይሆናል። ይህ ሰውን በጣም ያስደነግጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን የጠፋ ነገር የለም። ወይ ዊንዶውስ በጊዜያዊ ፕሮፋይል አስገብቶዎታል፣ ወይ ዋንድራይቭ፣ ማለትም የማይክሮሶፍት የኢንተርኔት ፋይል ማስቀመጫ፣ የዴስክቶፑን ፋይሎች ወደ ራሱ ፎልደር ወስዷቸዋል። በመጀመሪያው ሁኔታ ፋይሎቹ ሲ ድራይቭ ውስጥ «ዩዘርስ» በሚለው ፎልደር፣ በስምዎ ሥር ተቀምጠዋል። ብቻ በጊዜያዊው ፕሮፋይል ላይ አዲስ ነገር አይጻፉ፤ ሲወጡ ይጠፋል። ለዚህ ችግር ፎርማት የሚያደርግ ባለሙያ ካጋጠመዎ ሁለተኛ አይሂዱበት።

ቀጥሎ ሴፍ ሞድ አለ፤ ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ ነው። ወደዚያ የሚያስገባው የድሮው ኤፍ 8 ቁልፍ በዊንዶውስ 10 እና 11 እንደ ወትሮው አይሠራም። የይለፍ ቃል መጠየቂያው ላይ ሺፍት ተጭነው «ሪስታርት» ይበሉ። እዚያም መድረስ ካልቻሉ፣ ሲነሳ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነው ያጥፉት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም የጥገና ገጹ ራሱ ይመጣል። ከዚያ «ትራብልሹት»፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ»፣ «ስታርትአፕ ሴቲንግስ» ብለው ሄደው፣ ኮምፒውተሩ እንደገና ሲነሳ 4 ቁጥርን ይጫኑ። በሴፍ ሞድ ከከፈተ ጥፋተኛው ድራይቨር፣ ጸረ ቫይረስ ወይም አብሮ የሚነሳ ፕሮግራም የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2024 ላይ የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅቱ የክራውድስትራይክ የተበላሸ አፕዴት ወደ 8.5 ሚሊዮን የሚጠጉ የዊንዶውስ ማሽኖችን ሲጥል መፍትሔው ይኸው ነበር፦ ሴፍ ሞድ ገብቶ ያንን ፋይል ማጥፋት። ለዚያ ፎርማት አላስፈለገም።

በዚያው ገጽ ላይ ካሉት መሣሪያዎች የመጨረሻውን አፕዴት ማንሻውንና ዊንዶውስን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሰውን «ሲስተም ሪስቶር»ን አስቀድማለሁ፤ ሁለቱም የግል ፋይል አይነኩም። «ስታርትአፕ ሪፔር» ጉዳት የለውም፤ ብዙም አልጠብቅበትም። «ሪሴት ዚስ ፒሲ» «ኪፕ ማይ ፋይልስ» የሚለው ከተመረጠ ፋይልዎን አስቀርቶ የጫኗቸውን ፕሮግራሞች ያጠፋል፣ «ሪሙቭ ኤቭሪቲንግ» ከተመረጠ ግን ሁሉንም ያጠፋል፤ ለመጨረሻ ይቆይ።

አንድ የሚያስቆም ነገር አለ፦ ቢትሎከር፣ የዊንዶውስ የዲስክ መቆለፊያ። ዲስኩ ተቆልፎ ከሆነ 48 አሃዝ ያለው ቁጥር ይጠየቃሉ። በማይክሮሶፍት አካውንትዎ የገቡበት ማሽን ከሆነ በስልክዎ አካውንቱን ከፍተው ይፈልጉት። ያለዚያ ቁጥር የትኛውም ጥገና ቤት ፋይሉን አያወጣልዎትም፤ «እኔ እከፍተዋለሁ» የሚልዎትን አይመኑ።

ከዕቃ ወገን ምርጫዬ ሊኑክስ ሚንት የተጫነበት ፍላሽ ነው፤ ሚንት በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተር የሚያስነሳ ነፃ ሲስተም ነው። በሌላ ኮምፒውተር ላይ ሩፈስ ወይም ቬንቶይ በሚባል ፕሮግራም ይዘጋጃል፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ሲያስነሱት ዲስኩን ሳይነካ የራሱን ዴስክቶፕ ያመጣል። የዊንዶውሱን ዲስክ ከፍተው ፎቶና ሰነዱን ወደ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ መቅዳት ነው። ዊንዶውሱ በአግባቡ ካልተዘጋ ዲስኩ ለማንበብ ብቻ ሊከፈት ይችላል፤ ለመቅዳት ይበቃል። ቢትሎከር ካለ እዚህም ያው ቁጥር ያስፈልጋል። የማይክሮሶፍት የራሱ መጫኛ ፍላሽ ቢያንስ 8 ጊጋባይት ይፈልጋል። እሱም የጥገና ገጹን ያመጣል፣ ፋይል ለማውጣት ግን እንደ ሚንት አይመችም። «ኮምፒውተርዎን በአንድ ክሊክ እናድሳለን» የሚሉትን የሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ) ማጽጃዎች ይተዋቸው። ስልክ ቁጥር ይዞ የሚመጣ «ቫይረስ ተገኝቷል» ማስጠንቀቂያም ማጭበርበር ነው፤ ማይክሮሶፍት በስህተት መልእክቱ ላይ ስልክ ቁጥር አያስቀምጥም።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ኮምፒውተር የሚያውቅ ዘመድ እስከ ሴፍ ሞድ ድረስ ጥሩ ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብለው የሚያደርገውን ያያሉ። ቤት የሚመጣ ባለሙያም ጥቅሙ ይኸው ነው። ጥገና ቤት የሚበልጠው በመለዋወጫ ነው፦ ሌላ ራም፣ ሌላ ዲስክ፣ ሌላ ፓወር ሰፕላይ እያቀያየረ መሞከር ይችላል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ በሴፍ ሞድም ካልከፈተ ወይም በየመሃሉ ከጠፋ ወደዚያ ይውሰዱት።

ጥገና ቤቱን የምለየው በመጀመሪያው ጥያቄው ነው። «ውስጡ የሚፈልጉት ፋይል አለ?» ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ሳይከፍተው «ፎርማት ነው የሚፈልገው» ካለ ላፕቶፕዎን ይዘው ይውጡ። ጎበዝ የሚባለው ዲስኩን አውጥቶ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኛል፣ ጤንነቱን ክሪስታልዲስክኢንፎ በሚባል ፕሮግራም ያያል፣ ፋይሉን ይቀዳል፣ ከዚያ ነው ወደ ጥገናው የሚገባው። ዲስክ ከቀየረ አሮጌውን ይቀበሉ፤ የእርስዎ ፋይል ነው ያለበት። ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ሊጭንልዎ ካሰበም አይሆንም ይበሉ። ኦሪጅናል ዊንዶውስ 10 ወይም 11 የነበረው ማሽን ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ያንኑ ዓይነት ሲጫንበት ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት ያደርጋል።

ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ካለ ግን የሁሉም ምክር ይቀየራል። ያጥፉት። ስካን አያድርጉ፣ ደጋግመው አያስነሱት፣ ለዘመድም አይስጡ። የሚያስፈልገው የዳታ ማውጣት ሥራ ብቻ የሚሠራ ድርጅት ነው፤ አንዳንዴም ፋይሉ ከኮምፒውተሩ ይበልጣል። ዲስኩ ድምፅ የሌለው ሆኖ ዴስክቶፑ ለመምጣት ደቂቃዎች ከፈጀበትና የድሮው የሚሽከረከር ዓይነት ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠቁመው ዕቃ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ ነው። ራም ከመጨመር በፊት እሱን። ከመግዛትዎ በፊት ማሽኑ ባለ 2.5 ኢንቹን ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ኤም ዶት 2 የሚቀበለው የሚለውን ያረጋግጡ።

ዊንዶውስ 11 ይጫንልህ ከተባሉ ደግሞ ማሽኑ ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕ፣ ቲፒኤም 2.0፣ እንዳለው ያስዩ። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ብዙ አሮጌ ኮምፒውተር ግን የ11ን መስፈርት አያሟላም። ሥራዎ ኢንተርኔትና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ፣ ፋይሉን ያወጡበትን ሚንት እዚያው መጫን ይቻላል።