በመንግሥት ጉብኝት ጊዜ የንጉሡ ቤተሰብ ሥራው ምንድን ነው? የቤተ መንግሥቱ ጌጥስ የማን ምርጫ ነው?

ሰረገላ ወዳዷ፦

ጤና ይስጥልኝ። የብሪታንያው ንጉሥ የውጭ አገር መሪ ሲቀበሉ በቴሌቪዥን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቁጭ ብዬ የማይ ሰው ነኝ። ፈረሶቹን፣ ቀይ ለባሾቹን ዘቦች፣ የራት ጠረጴዛውን አይቼ አልጠግብም። ነገር ግን ባየሁ ቁጥር ሁለት ነገር ይከነክነኛል።

ጋባዡ ንጉሡ ናቸው፤ እንግዳውም አንድ ፕሬዚዳንት ወይም ሌላ ንጉሥ። ታዲያ አልጋ ወራሹና ባለቤታቸው፣ የንጉሡ እኅት ልዕልት አን፣ ወንድማቸው ልዑል ኤድዋርድ፣ ሸምገል ያሉት የግሎስተር መስፍን ሳይቀሩ ኒሻናቸውን ደርድረው የሚሰለፉት ለምንድን ነው? ለጌጥ ካልሆነ በቀር የያዙት ሥራ አይታየኝም።

ሌላው የቤቱ ነገር ነው። በበኪንግሃም ቤተ መንግሥት አንዱ ክፍል ነጭና ወርቅማ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ደማቅ ቀይ፣ አንዱ ደግሞ ከነዘንዶው ቻይናዊ ነው። ይህን ሁሉ የሚመርጠው ማን ነው? አዲስ ንጉሥ በነገሠ ቁጥር ይቀየራል ወይ? የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

የመስተንግዶ ሰው፦

እኅቴ፣ በግብዣ መስተንግዶ ሥራ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝና "ለጌጥ" ያልሽው ቆነጠጠኝ። እኔ እነዚያን ሰዎች የማያቸው እንደ ሥራ ባልደረባ ነው። በደመወዝና በልብስ እንለያያለን እንጂ የምንሠራው ያው እንግዳ መቀበል ነው።

በመጀመሪያ ነገር፣ እንግዳውን የሚመርጡት ንጉሡ አይደሉም። ግብዣው በስማቸው ይወጣል፤ ማን ይጋበዝ የሚለው ግን የመንግሥት ምክር ነው። ስለዚህ ወደዱትም ጠሉትም ፊታቸውን ፈታ አድርገው ያስተናግዳሉ። ይህንን ከእኔ የበለጠ የሚረዳላቸው የለም!

ጋባዥ ደጁ ላይ ቆሞ ይቀበላል እንጂ መንገድ ወጥቶ አይጠብቅም። እንግዳው ደግሞ ብቻውን መምጣት የለበትም። ይህችን ክፍተት የሚሞላው አብዛኛውን ጊዜ አልጋ ወራሹ ነው። እንግዶቹ ካረፉበት ቦታ ሄዶ ይቀበላቸውና ሆርስ ጋርድስ ወደሚባለው የሰልፍ ሜዳ ያጅባቸዋል፤ ንጉሡና ንግሥቲቱ እዚያ ይጠብቃሉ። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. የጃፓኑ ንጉሠ ነገሥት ናሩሂቶ ሲመጡ አልጋ ወራሹ ልዑል ዊልያም ብቻቸውን ሄደው ነበር፤ ባለቤታቸው ልዕልት ካትሪን የካንሰር ሕክምና ላይ ስለነበሩ። በሜዳው ላይ የክብር ዘብ ይፈተሻል፤ በግሪን ፓርክ 41 ጊዜ መድፍ ይተኮሳል፤ ከዚያ ያ አንቺ የምትወጂው ሰረገላ ይነሣል።

ዋናው ሥራ ግን ካሜራው ዞር ካለ በኋላ ነው። ከምሳ በኋላ በሥዕል አዳራሹ ውስጥ ከእንግዳው አገር ጋር የተያያዙ ዕቃዎች፣ ደብዳቤዎችና ፎቶግራፎች ከንጉሣዊው ስብስብ ወጥተው ይደረደራሉ። ንጉሡ መሪውን ይዘው ይዞራሉ። አብረው የመጡትን ሚኒስትሮች፣ አምባሳደሮችና ጄኔራሎች ማን ይያዛቸው? ቤተሰቡ ይበተንና አንድ አንድ እንግዳ ይይዛል። የግሎስተር መስፍን ያልሻቸው ሰውዬ በትምህርታቸው አርክቴክት ናቸው፤ ስለ ሕንፃ ማውራት የሚፈልግ እንግዳ እርሳቸው ዘንድ ቢደርስ ዕድለኛ ነው።

ማታ ደግሞ ራቱ አለ። በፈረስ ጫማ ቅርጽ በተሠራው ጠረጴዛ ዙሪያ 170 ያህል ሰው ይቀመጣል። በሙያዬ አንድ ነገር አውቃለሁ፦ ግብዣ የሚበላሸው ዳር ላይ የተቀመጠው ሰው ሲያኮርፍ ነው። ምግብማ ቢጎድል እንኳ ይረሳል። ቤተሰቡ በጠረጴዛው ላይ ተራርቆ እንዲቀመጥ የሚደረገውም ሁሉም ወገን "የንጉሡ ሰው አጠገቤ ነበር" ብሎ እንዲሄድ ነው። ልዕልት አን ግራ ቀኛቸው ያሉትን ሁለት እንግዶች እየተፈራረቁ ማጫወት አለባቸው። ደክሞኛል ብሎ መነሣት የለም።

ስለ ጠረጴዛው ካነሣሽ አይቀር ትንሽ ልጨምር፤ እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ዝግጅቱ ቀናት ይወስዳል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው ስፋት 46 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በማስመሪያ ይለካል። በእያንዳንዱ ሰው ፊት ስድስት ብርጭቆ ይቆማል፤ የውኃው፣ የነጩና የቀዩ ወይን፣ የሻምፓኙ፣ የጣፋጩ ወይንና ፖርት የሚባለው ጠንካራ ወይን። በወርቅ የተለበጠው የብር ዕቃ በጆርጅ አራተኛ ዘመን የተሠራና ከ4,000 በላይ ቁራጭ ያለው ነው። አዳራሹ በ19 የማስተናገጃ ቦታዎች ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ አራት አራት አስተናጋጅ አለ። ሁሉም እኩል እንዲንቀሳቀሱ እንደ ትራፊክ መብራት ባለ ምልክት ይታዘዛሉ፦ አንዱ ቀለም "ተዘጋጁ"፣ ሌላው "አቅርቡ" ማለት ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን በቅንድብ ምልክት ስሰጥ ኖሬ ይህን ስሰማ ቀናሁ። አበባው እንግዶች ፊት ለፊት እንዲተያዩ ዝቅ ተደርጎ ይዘጋጃል። ንግሥት ኤልሳቤጥ በሕይወት ሳሉ እንግዶች ከመግባታቸው በፊት ራሳቸው ዞረው ጠረጴዛውን ያዩ ነበር። ንግግሩም የሚደረገው ከምግቡ በፊት ነው፤ ይህን የደነገገውን ሰው ነፍሱን ይማር። እኔ በሠራሁባቸው ቤቶች ንግግሩ መካከል ላይ እየገባ ስንት ሾርባ ቀዝቅዟል!

የቀለሙን ነገር ለባለሙያ ልተው።

ወርቅ ለባጭ፦

ባለሙያ ከተባለ እኔ የድሮ የቤት ዕቃና የሥዕል ፍሬም በወርቅ ቅጠል የምለብጥ ነኝ። ቤተ መንግሥቱ በበጋቸው ወራት ለጎብኚ ሲከፈት ገብቼ ጣሪያ ጣሪያውን ሳይ ከሰው ጋር ስጋጭ ውያለሁ። በነገራችን ላይ ይህ ጉብኝት በ1993 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ከአንድ ዓመት በፊት ለተቃጠለው ሌላው የነገሥታቱ መኖሪያ፣ ለዊንድሰር ግንብ ጥገና ገንዘብ ለማግኘት ነው።

ጠያቂዋ፣ አንድ ቤት እንደማይመስል ማስተዋልሽ ትክክል ነው። ጆርጅ አራተኛ በ1820ዎቹ ጆን ናሽ የተባለውን አርክቴክት ይዘው ቤቱን ቤተ መንግሥት ማድረግ ጀመሩ፤ ወጪው ከልክ አለፈ፤ ንጉሡ በ1830 ሲሞቱ ናሽ ተባረረና ኤድዋርድ ብሎር ተተካ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1837 ሲገቡ ቤቱ ለቤተሰብም ለግብዣም ጠበባቸው። ስለዚህ ብራይተን የነበረውን የጆርጅን የባሕር ዳር ቤት ለከተማው በ53,000 ፓውንድ ሸጡና ገንዘቡ ለምሥራቁ ክንፍ ግንባታ ዋለ። የብራይተኑ ቤት ውስጡ በቻይና አምሳል ያጌጠ ስለነበረ የእሳት ማንደጃዎቹና ጌጦቹ ተነቅለው ለንደን መጡ። ያየሽው ዘንዶ ከዚያ የመጣ ነው። ቤተሰቡ ለሕዝብ እጅ የሚያወዛውዝበት በረንዳ ከጀርባው ያለው ክፍል ቻይናዊ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ራት የሚበላበት ትልቁ አዳራሽ የቪክቶሪያ ነው፤ በ1850ዎቹ ተሠራ፤ ርዝመቱ 36.6 ሜትር፣ ስፋቱ 18 ሜትር። መጀመሪያ ኅብረ ቀለም ነበረ። ልጃቸው ኤድዋርድ ሰባተኛ ሲነግሡ ያንን አስጠፍተው ነጭና ወርቅማ አደረጉት። ቀጥለው የመጡት የጆርጅ አምስተኛ ባለቤት ንግሥት ሜሪ ደግሞ በሰማያዊው ክፍል አሁን ያለውን የግድግዳ ወረቀት አስለጠፉ። የዚያ ክፍል ዓምዶች ድንጋይ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ስካሊዮላ ይባላል፤ ጄሶ፣ ሙጫና ቀለም ተቦክቶ ይለሰንና እብነ በረድ እስኪመስል ይወለወላል። በኋላ ደግሞ ኦኒክስ የተባለውን ጌጠኛ ድንጋይ እንዲመስሉ በላዩ ላይ ተቀቡ። ማስመሰያው ላይ ሌላ ማስመሰያ መሆኑ ነው፤ እኔ በበኩሌ አልወደድኩትም።

ወርቁ ግን ያለ ምክንያት አልተለበጠም። ኤሌክትሪክ ወደ ቤቱ የገባው በ1883 ነው፤ መጀመሪያም በዚያው የራት አዳራሽ። ከዚያ በፊት ሌሊቱ የሚያልፈው በሻማና በጋዝ መብራት ነበር። የወርቅ ቅጠልን በሻማ ብርሃን ያየ ሰው ለምን ጣሪያ ድረስ እንደሚለበጥ አይጠይቅም፤ እሳቱ ትንሽ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ወርቁም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ዛሬ በማይነቃነቅ አምፖል ሥር ግን ትንሽ ይጮኻል።

ለጥያቄሽ የሚሆን ሌላም ነገር አለ። ነጩ ሳሎን ውስጥ ከእሳት ማንደጃው ጎን ትልቅ መስታወትና ቁም ሣጥን አለ። ሲያዩት ዕቃ ነው፤ እውነቱ ግን በር ነው። ከጀርባው የቤተሰቡ ክፍል አለ። እንግዶቹ ብርጭቆ ይዘው ሲጨዋወቱ ቁም ሣጥኑ ከነመስታወቱ ዞር ይልና ቤተሰቡ ይገባል።

ትዝብተኛ፦

ሁለታችሁም አሳምራችኋል፤ ግን ይህ ሁሉ ወጪ ምን ያመጣል? ጃንሆይ በጥቅምት 1954 እ.ኤ.አ. ለንደን ሄደው የብሪታንያን ትልቁን የጋርተር ኒሻን ተሸለሙ፤ ንግሥት ኤልሳቤጥ አጸፋውን ለመመለስ አዲስ አበባ የመጡት በየካቲት 1965 ነው። አሥር ዓመት ሙሉ! ሁለት ራት በልቶ ለመለያየት ያን ያህል መንገድ! ለመሆኑ ቤቱስ የማን ነው? ነገ ንጉሡ አንዱን የወርቅ ሰዓት ቢሸጡ ማን ይጠይቃቸዋል?

ወርቅ ለባጭ፦

ወንድሜ፣ መሸጥ አይችሉም። ቤተ መንግሥቱም ሆነ ንጉሣዊው የሥነ ጥበብ ስብስብ ንጉሡ ለአገሪቱ በአደራ የያዙት እንጂ የግል ንብረታቸው አይደለም። ስለዚህ ጠያቂዋ "አዲስ ንጉሥ ይቀይረዋል ወይ" ላለችው፣ የሚኖሩበትን ክፍል እንደ ፍላጎታቸው ያደርጋሉ፤ የግብዣ ክፍሎቹን ግን እንደ ኤድዋርድ ሰባተኛ በአንድ ትእዛዝ ነጭ መቀባት ዛሬ ይከብዳል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የ369 ሚሊዮን ፓውንድ እድሳትም ቢሆን ዋናው ሥራው ሽቦ፣ ቧንቧና ማሞቂያ መቀየር ነው።

የመስተንግዶ ሰው፦

ወንድሜ ትዝብተኛ፣ ወጪውን ለመከላከል አልተነሣሁም። ንግድ ሚኒስትሩ በቢሮ ያላገኘውን ሰው በራት ላይ አጠገቡ አስቀምጠውለት ሲያወራ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ውጤት ይኑረው አይኑረው እኔ ሳህን የማነሣ ሰው ነኝ፤ አላውቅም።

ሰረገላ ወዳዷ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መስታወቱ በር መሆኑን ለባለቤቴ ነግሬው አላምንም ብሏል። ለጌጥ ያልኩትንም አንሥቻለሁ፤ ልዕልት አንን ከእንግዲህ በሌላ ዓይን ነው የማያቸው። አንድ ብቻ ልጨምር፦ በ2025 የተደረጉት ግብዣዎች ላይ ጠረጴዛው የፈረስ ጫማ ሳይሆን አንድ ረጅም ቀጥ ያለ ነበረ። ሥርዓቱ ተቀይሮ ነው?

የመስተንግዶ ሰው፦

ቦታው ተቀይሮ ነው፣ እኅቴ። በበኪንግሃሙ እድሳት ምክንያት እንግዶቹን ዊንድሰር ነው የተቀበሏቸው። እዚያ ያለው የቅዱስ ጊዮርጊስ አዳራሽ ረጅምና ጠባብ ስለሆነ አንድ ጠረጴዛ ብቻ ይዘረጋል፤ 160 ሰው ይይዛል። ንጉሡ የሚቀመጡት ጫፍ ላይ ሳይሆን በጎኑ መካከል ላይ ነው። በመስከረም 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በንጉሡና በልዕልት ካትሪን መካከል የተቀመጡትም በዚህ ምክንያት ነው፤ በአንድ በኩል ንጉሡ ወደ ሌላው ጎረቤታቸው ሲዞሩ በዚያኛው በኩል ልዕልቲቱ ጨዋታውን ይቀበላሉ። ቀና ብለሽ ጣሪያውን ካየሽ ደግሞ የድሮ ይመስላል እንጂ የባሉጥ እንጨቱ ከ1992ቱ ቃጠሎ በኋላ የተሠራና በ1997 የተጠናቀቀ ነው።