በቀስት አጋዘን ሳድን ሽጉጥ መያዝ እችላለሁ? (ቨርጂኒያ)

ወገኖቼ፣ የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ። እዚህ ቨርጂኒያ የቀስት አደን በኦክቶበር የመጀመሪያው ቅዳሜ ይከፈታል፤ ፈቃዴን አውጥቻለሁ፣ የምገባው ጆርጅ ዋሽንግተን ብሔራዊ ደን ነው። ጫካው ጥቁር ድብ አለበት፣ ባለቤቴም ያለ ሽጉጥ እንዳልሄድ አጥብቃ ለምናኛለች። ነገር ግን ደንቡ በቀስት ወቅት በቀስት የሚያድን ሰው ጠመንጃም ሆነ ሽጉጥ እንዳይዝ ይከለክላል። እኔ ደግሞ ከፍርድ ቤት ያገኘሁት ሽጉጥ ደብቆ የመያዝ ፈቃድ አለኝ። ታዲያ ይህ ፈቃድ አደን ላይም ይሠራል? አጋዘን ልተኩስበት አይደለም፣ ራሴን ልጠብቅበት ብቻ ነው። ተቆጣጣሪ ቢያስቆመኝስ ምን ላሳየው? ገና ዜግነት አላገኘሁም፣ በግሪን ካርድ ነው ያለሁት፤ በጦር መሣሪያ ጥፋት መፈረድ ደግሞ ከአገር እስከ ማስባረር ይደርሳል። ስለዚህ በወሬ ሳይሆን አንቀጹን አንብቦ የሚያውቅ ቢመልስልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።