«አባል»፣ «ምእመን»፣ «መሸኛ»፦ የአባልነት ቅጽ ላይ ያሉ ቃላት ምን ይላሉ?
(ውይይት፤ ተናጋሪዎቹ በሐዋሳ ቦታዎች ስም ተጠርተዋል።)

ጥቁር ውኃ
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ሐዋሳ ያለ አንድ የወንጌላውያን አጥቢያ የአባልነት ቅጹን ሊያድስ ነውና የቃላቱን ነገር እንድታዩልን ነው። ከተማዋ ለሥራም ለትምህርትም ሰው የሚመጣባት ስለሆነች ቅጹን ከሚሞሉት ብዙዎቹ ሌላ ቦታ አባል የነበሩ ናቸው። ጥያቄዎቹ እነዚህ ናቸው። ቅጹ ርእሱ ላይ «አባል»፣ መካከል ላይ «ምዕመን»፣ የቃል ኪዳኑ ክፍል ላይ «ብልት» ይላል፤ ሦስቱ አንድ ናቸው? አባል ወደ ሌላ አጥቢያ ሲዛወር የሚሰጠው ደብዳቤ «መሸኛ» ነው ወይስ «መልቀቂያ» የሚባለው? «ወርኃዊ ዐሥራት ብር ____» የሚለውስ ልክ ነው? በመጨረሻም «ቅጣት» የሚለውን «እርማት» እንበለው የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ ይሻላል?

ታቦር ሥር
በመጀመሪያው ልጀምር፤ የሌሎቹም መነሻ እሱ ነው።

«አባል» የግዕዝ ቃል ነው፤ እዚያ የሰውነት ክፍል ማለት ነው። ይህ ትርጉሙ ዛሬም «አባለ ዘር» በሚለው ውስጥ አለ። የዕድር አባል፣ የማኅበር አባል፣ የፓርቲ አባል የምንለው ከዚያ የተወሰደ ነው። አሁን ግን ቃሉን ስንሰማ የሚመጣልን መዝገብና ፎቶ ያለበት መታወቂያ ነው፤ እጅና እግር የሚያስብ የለም። የቅጹም ችግር እዚህ ላይ ነው፤ ስም ይጠይቃል፣ ቦታ አይጠይቅም።

«ብልት» ደግሞ ጓዳ ያደገ ቃል ነው። ዶሮ 12 ብልት አላት። ብልት ማውጣት የምታውቅ ሴት በጣቷ መጋጠሚያውን ትፈልጋለች፤ ስታገኘው ቢላዋው ሳይታገል ያልፋል። አጥንት ከተሰበረ ብልት ወጣ አይባልም፣ ተቆራረጠ ነው የሚባለው። ስለዚህ ማንኛውም ቁራጭ ብልት አይባልም። ብልት የሚባለው ከሌላው ጋር የሚገጥምበት የታወቀ ስፍራ ያለው ክፍል ነው። ድስቱ ውስጥ 11 ከተገኘ ደግሞ «አንድ ጎደለ» ብቻ አይባልም፤ ፈረሰኛው ነው ወይስ መላላጫው ተብሎ በስሙ ይጠየቃል።

በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 1ኛ ቆሮንቶስ 12 ላይ ያለው ቃል ይኸው «ብልቶች» ነው። ለጳውሎስ ነገር ከዚህ የተሻለ የአማርኛ ቃል አላውቅም። ችግሩ የዛሬ ጆሮ «ብልት» ብቻውን ሲቆም ወደ ኀፍረተ ሥጋ መሄዱ ነው። መፍትሔው ቃሉን መጣል ሳይሆን ብቻውን አለማቆም ነው፤ «የክርስቶስ አካል ብልት» ሲባል ማንም አይሳሳትም። ርእሱ ላይ «አባል» ይቆይ፣ ቃል ኪዳኑ ላይ «የአካሉ ብልት» ይባል።

«ምእመን» ሌላ ነው። ሥሩ አምነ ስለሆነ በ«እ» ነው የሚጻፈው፤ «ምዕመን» የተለመደ ስሕተት ነው፣ ቅጹ ላይ ይታረም። ብዙው ምእመናን፣ ለሴቶች ምእመናት ነው። «ምእመናኖች» ሁለት ጊዜ ማብዛት ነው። ትርጉሙም «የሚያምን» ብቻ ሳይሆን «የታመነ፣ ታማኝ» ጭምር ነው። ስለዚህ ምእመን የሰውዬውን እምነትና ታማኝነት ይናገራል፣ አባል ደግሞ የት ጋ እንደተጋጠመ። አንድ ሰው ከሐዋሳ ወደ ዲላ ቢሄድ ምእመንነቱ አብሮት ይሄዳል፤ አባልነቱ ግን እስኪዛወር ድረስ እዚሁ ነው።

አሞራ ገደል
ታቦር ሥር ላሉት አንድ ነገር ልጨምር፣ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ በኩል አገባቡ ይለያልና። እዚያ ሰው የቤተ ክርስቲያን ልጅ የሚሆነው ቅጽ በመሙላት አይደለም፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ተጠምቀው፣ በዚያው ዕለት ሜሮን ተቀብተው ነው። አነጋገሩን እዩት፦ ሕፃኑ «ክርስትና ተነሣ» ይባላል፣ የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ የሚሆኑለት «ክርስትና አነሡ» ይባላል፣ ወላጆቹና እነርሱም «አበልጅ» ይሆናሉ። በአንድ ጥምቀት ሁለት ቤተሰብ ይዛመዳል ማለት ነው።

ምልክቱም አንገት ላይ ነው። «ማተብ» በግዕዝ ማዕተብ ነው፣ ማኅተም፣ ምልክት ማለት፤ ከዐተበ። «ባለ ማተብ» ሲባል ክር ያሰረ ብቻ ሳይሆን ቃሉን የማያጥፍ ሰው ማለት የሆነውም ለዚህ ነው። ቃል ኪዳን ላይ የሚፈረመው ፊርማ ለእኛ አባቶች አንገት ላይ የሚታሰረው ነበር።

«አባል» የሚለው ቃል በብዛት የሚሰማው «የሰበካ ጉባኤ አባል» ሲባል ነው። ሰበካ ጉባኤን ያቋቋመው ደንብ «ቃለ ዓዋዲ» ይባላል፣ በ1965 ዓ.ም. የወጣ ነው። ዓዋዲ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ የዛሬው «አዋጅ» የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። በደንቡ መሠረት ካህናት፣ ምእመናንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች በጉባኤው ይወከላሉ። ሰው ግን ብዙ ጊዜ አባልነትን የሚያስታውሰው ፍትሐትና የመቃብር ቦታ ሲያስፈልግ፣ የክፍያ ካርኒ ፍለጋ ሲጀመር ነው። «አባል ነኝ» ማለት «ከፍያለሁ» ማለት ብቻ ሲሆን ቃሉ ይደርቃል። ከካርኒው ይልቅ የሚያያይዘው ንስሐ አባት ነው፤ የነፍስ ልጆቹን በስም የሚያውቅ፣ ሲታመሙ የሚጠይቅ፣ ሲሳሳቱ የሚመክር።

ካቶሊኮቹ ደግሞ አጥቢያውን «ቁምስና» ይሉታል፣ «ቆሞስ» ከሚለው የካህን ማዕረግ። ቅጻችሁ «ከየት አጥቢያ መጡ» የሚለው ቦታ ላይ ይህንንም ቢያስብ ጥሩ ነው።

ፒያሳ
ስለ መሸኛው እኔ ልናገር፤ ቃሉም ወረቀቱም የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው።

«መልቀቂያ» የመሥሪያ ቤት ቃል ነው። ዕቃ አስረክቦ፣ ዕዳ ነጻ ሆኖ፣ ውል አልቆ የሚሰጥ ነው። «መሸኛ» ከሸኘ ነው። እንግዳ ሲሄድ በር ዘግተን አንቀርም፣ እስከ መንገዱ አብረን እንወጣለን። መሸኛ ያን የመንገድ ክፍል የሚሄድ ወረቀት ነው፤ ስለዚህ ወዴት እንደሚሄድ ማወቅ አለበት። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ የተጻፈ መሸኛ ማንንም አልሸኘም። ሰውዬው ኪሱ አጥፎት ይቀመጣል፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለሠርግ ሲፈለግ ይወጣል፣ ያኔ የሚያውቀው ሽማግሌ የለም።

ጥሩ መሸኛ ላይ የሚከተሉት ሊገኙ ይገባል፦ ቁጥርና ቀን፣ የተቀባዩ አጥቢያ ስም፣ የሰውዬው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የተጠመቀበት ቀንና ቦታ፣ ያገባ ወይም ያላገባ መሆኑ፣ አብረው የሚዛወሩ ልጆች ስም፣ ያገለገለበት ክፍል፣ በቅጣት ላይ ያለ ከሆነ እሱም፣ ፊርማና ማኅተም። ከሲዳማ ገጠር የሚመጣው ደብዳቤ በሲዳሙ አፎ (በሲዳምኛ) በላቲን ፊደል ሊጻፍ ስለሚችል ስሙ በሁለቱም ፊደል ይመዝገብ። አለበለዚያ አንዱ ሰው መዝገቡ ላይ ሁለት ሰው ይሆናል።

ስለ ጥምቀት «የተጠመቁበት ቀን» ብቻ መጠየቅ አይበቃም። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ታጠምቃለች፣ ልጁ ሲያድግ ተምሮ እምነቱን ያጸናል። ቃለ ሕይወትና ሙሉ ወንጌል ደግሞ የሚያጠምቁት አምኖ የመሰከረውን ነው። ቅጹ «በሕፃንነት» እና «በእምነት ምስክርነት» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ከሌሉት፣ ጥያቄው ሰውዬው ሊያገባ ወይም ሊመረጥ በተዘጋጀበት ቀን ይነሣል። በመጀመሪያው ሳምንት በእርጋታ ሊጠየቅ የሚችለው ነገር ያን ቀን ሲጠየቅ ያሳፍራል።

በጣም የሚረሳውን ልናገር፦ የመመለሻ ቅጠል። ተቀባዩ አጥቢያ «ተቀብለናል» ብሎ ካልመለሰ ላኪው ስሙን አይሰርዝም። አንድ ሰው በሁለት መዝገብ ይቆጠራል፣ በሁለቱም በኩል ግን ማንም አይጠይቀውም። ከወረቀቱ ግርጌ በነጥብ መስመር ተለይቶ የሚቀደድ ሦስት መስመር ይበቃል።

ጥቁር ውኃ
ፒያሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። አዲስ ለሚያምን ሰውስ ቅጹ የሚሰጠው መቼ ነው? አሁን ጌታን በተቀበለበት እሑድ ነው የሚሰጠው።

ፒያሳ
ያ ቅጽ የአባልነት ሳይሆን የክትትል ቢሆን ይሻላል፤ ስም፣ ሰፈር፣ ስልክ፣ በቃ። ከዚያ የክትትል ትምህርት፣ የጥምቀት ትምህርት፣ ጥምቀት፣ ከዚያ በኋላ ነው የአባልነት ቅጽ። በመጀመሪያው ቀን ቃል ኪዳን ማስፈረም ያልተረዱትን ማስማል ነው።

ታቦር ሥር
ወደ ዐሥራት ልሂድ። ቃሉ ራሱ ቁጥር ነው፣ ከዐሥር አንድ። ደመወዝ 8,000 ብር ከሆነ 800 ነው፤ 3,000 ከሆነ 300። «ወርኃዊ ዐሥራት ብር ____» ብሎ ቁርጥ ያለ ገንዘብ አስሞልቶ መቀበል ዐሥራት ሳይሆን መዋጮ ነው። ልዩነቱ የቃል ብቻ አይደለም፦ ሥራ ያጣ ሰው ዐሥራቱ ዜሮ ነው፣ ዕዳ የለበትም። መዋጮ ከሆነ ግን ያልከፈለበት ወር ይቆለላል፣ ሰውዬውም ዕዳውን አፍሮ ከጉባኤ ይቀራል። ቅጹ «ከገቢዬ ዐሥራት ለማውጣት» ቢል ይበቃል።

«ዐሥራት በኩራት» አብረው ስለሚነገሩ አንድ ይመስላሉ። በኩራት ከበኵር ነው፣ የመጀመሪያው ፍሬ፣ የመጀመሪያው ደመወዝ። «መባ» ደግሞ ሰው በፈቃዱ ይዞ የሚገባው ነው፣ መጠን የለውም። ሦስቱን በአንድ ደረሰኝ «ገቢ» ብሎ መጻፍ ለሒሳብ ሹሙ ያቀልለታል፤ ሰጪው ግን ምን እንደሰጠ አያውቅም።

አሞራ ገደል
ስለ «ቅጣት»፦ እኛ ጋ ንስሐ አባት የሚሰጠው «ቀኖና» ይባላል። ከጽርእ (ከግሪክ ቋንቋ) የመጣ ነው፣ መለኪያ፣ ደንብ ማለት። ጾም፣ ስግደት፣ ጸሎት፣ ምጽዋት ነው፣ በቁጥርና በጊዜ የተወሰነ። ሲፈጸም ያልቃል። «ውግዘት» ከዚያ በጣም የራቀ፣ ከአንድነት የመለየት ቃል ነው፤ ለማንኛውም ጥፋት አይነሣም። በዕለት ንግግር «አወገዙት» እየተባለ ለትንሽ ተግሣጽ ሁሉ ሲነገር ያሳዝነኛል።

ታቦር ሥር
እኔ «ቅጣት» የሚለውን ቃል አልጥለውም። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» ስንል፣ «የተቀጣ ልጅ» ስንል፣ የተገረፈ ማለታችን አይደለም፤ ያደገ፣ ሥርዓት የያዘ ማለታችን ነው። የሚጎዳው ቃሉ ሳይሆን ቅጣቱ መጨረሻ ማጣቱ ነው። «ላልተወሰነ ጊዜ ታግደዋል» የሚል ደብዳቤ ቅጣት አይደለም፣ መጣል ነው። ምን እንደተጠፋ፣ ከምን እንደታገደ (ከጌታ እራት ነው? ከመዘምራን ነው? ድምፅ ከመስጠት ነው?)፣ እስከ መቼ፣ ለምሳሌ 3 ወር፣ ማን እየሄደ እንደሚጠይቀው፣ በምን እንደሚመለስ ይጻፍ። የሚመለስበት ቀን ከተጻፈ ቃሉን «እርማት» ብትሉትም «ቅጣት» ብትሉትም ሥራውን ይሠራል።

ከዚህ በፊት ያለው ደረጃ ደግሞ «ወቀሳ» ነው። ማቴዎስ 18 ላይ የታዘዘው ይኼው ነው፦ መጀመሪያ ለብቻ፣ ካልሰማ አንድ ወይም ሁለት ይዞ፣ ካልሰማ ለቤተ ክርስቲያን። ወቀሳ ፊት ለፊት ነው፣ ክስ ለዳኛ ነው፣ ሐሜት በሌለበት ነው። ብዙ አጥቢያ ላይ የሚሰናከለው የመጀመሪያው ደረጃ ሲዘለል ነው፤ ነገሩ ለሽማግሌዎች ሲደርስ ሰውዬው ራሱ የመጨረሻው ሰሚ ይሆናል። ቅጹ ላይ «ቅሬታ ሲኖረኝ በመጀመሪያ ለወንድሜ ወይም ለእኅቴ ለብቻ እናገራለሁ» የሚል አንድ መስመር ይግባ።

ጥቁር ውኃ
የቃል ኪዳኑን ክፍል እንደገና ጽፈነዋል፤ እዩልን፦ «የክርስቶስ አካል ብልት እንደ መሆኔ በጉባኤ አዘውትሬ ለመገኘት፣ ከገቢዬ ዐሥራት ለማውጣት፣ በተሰጠኝ ጸጋ ለማገልገል፣ ቅሬታዬን በመጀመሪያ ለብቻ ለመናገር፣ ስዛወር መሸኛ ለመውሰድ ቃል እገባለሁ።»

ፒያሳ
ጥሩ ነው። «አዘውትሬ» የሚለው ግን ለፈረቃ ሠራተኛ ግልጽ አይደለም። እሑድ ፈረቃ የሚገባ ሰው በሰፈሩ የቤት ኅብረት መገኘቱ እንደሚቆጠርለት ይጻፍ፤ አለበለዚያ በፈረቃው ምክንያት ቃል አፍራሽ ይሆናል።

ታቦር ሥር
አንድ የጎደለ ነገር አለ፣ ቃሉ ራሱ የሚጠይቀው። «ኪዳን» ከተካየደ ነው፤ እንደ ተዋዋለ፣ እንደ ተማማለ፣ ሁለት ወገን የሌለበት አይሆንም። የጻፋችሁት ግን አንድ ወገን ብቻ ነው፤ አባሉ አምስት ነገር ይገባል፣ አጥቢያው ምንም። ይህ መሐላ እንጂ ኪዳን አይባልም። ከሥሩ እንዲህ ይጨመር፦ «አጥቢያውም ቃሉን ሊያስተምርዎት፣ ሲታመሙ ሊጠይቅዎት፣ ሲያዝኑ ሊያስተዛዝንዎት፣ ሦስት ተከታታይ እሑድ ከጠፉ ሰው ልኮ ሊፈልግዎት፣ ሳይሰማዎት ስምዎን ከመዝገብ ላለማውጣት ቃል ይገባል።» ከዚያ ሁለት ፊርማ፣ የአባሉና የሽማግሌው። በሁለት ቅጂ ይታተም፣ አንዱን አባሉ ቤቱ ይዞት ይሂድ።

ጥቁር ውኃ
«ሦስት እሑድ» የሚለውን ማን ይቆጥራል?

ታቦር ሥር
የሰፈሩ ኅብረት መሪ። ከ15 ሰው በላይ አይስጡት፤ ከዚያ ካለፈ ማን እንደቀረ በዓይን አይቶ አያውቅም።