ካቫ ቤት ውስጥ ሲዘጋጅ ለምን ይዝለገለጋል?

ለምለም_ሥር
ሰላም ለሁላችሁ። የካቫ (ከፓስፊክ ደሴቶች የመጣው፣ ከተክል ሥር የሚሠራው የሚያረጋጋ መጠጥ) አዘገጃጀት ላይ የሚባለው ሁሉ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንዱ እንደ ሻይ አፍሉት ይላል፣ ሌላው በእጅ እሹት ይላል። በፈላ ውሃ ሲሠራ ደግሞ ይዝለገለግና በጨርቁ አላልፍ ይላል። ለሁለት ሰው ስንት ግራም ዱቄት፣ ስንት ውሃ፣ ስንት ደቂቃ? ጥሩውን ዱቄት ከመጥፎው መለያውስ ምንድን ነው?

ታኖዋ
አይፈላም። የደረቀ የካቫ ሥር ውስጥ ብዙ ስታርች አለ። ውሃው ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲያልፍ ስታርቹ ያብጥና ይወፍራል፤ የጨርቁን ቀዳዳ የሚደፍነው እሱ ነው። ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች፣ ካቫላክቶኖች፣ ከአተላው ጋር ተይዘው ይቀራሉ።

ካቫላክቶን ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም። ከቃጫው የሚላቀቀው በመታሸት ስለሆነ ዘፍዝፎ መተው ብቻውን ዋጋ የለውም። ለሁለት ሰው 60 ግራም መካከለኛ የተፈጨ ዱቄት፣ 1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ (እጅ የማያቃጥል፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ይበቃል)። ዱቄቱን ጥቅጥቅ ባለ የናይለን ማጥለያ ከረጢት ውስጥ ጨምረህ አፉን ጠምዝዝ፤ አየር አይቅርበት። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ነክረህ 10 ደቂቃ ያህል እሸው፣ ጭመቀው፣ መልሰህ ንከረው። ውሃው ጭቃ መስሎ ሲደፈርስና ከረጢቱ ሲጨመቅ የሚወጣው እየቀጠነ ሲመጣ በቃ። ከዚያ በግማሽ ሊትር ውሃ አተላውን ድገመውና ከመጀመሪያው ጋር ቀላቅለው። ሦስተኛ ዙር ድካም ብቻ ነው።

የሻይ ማጥለያ አይሆንም፣ ቃጫው ያልፋል። ቃጫ ሲጠጣ ደግሞ ሆድ ይረብሻል።

ደረቅ_ቃጫ
በታኖዋ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ በዱቄቱ ማሸጊያ ላይ የተጻፈውን አንብብ። ከላይ ያለው ልክ የሚሠራው ለመካከለኛ ዱቄት ነው። እጅግ የላመው ዓይነት ቃጫው ቀድሞ ስለወጣለት ሳይጠለል በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፤ መጠኑም በጣም ያነሰ ነው። በ60 ግራም ብትሠራው ሌሊቱን የምታሳልፈው በማቅለሽለሽ ነው።

በመፍጫ ማሽን 3 ወይም 4 ደቂቃ መትተው የሚያጠልሉም አሉ። እኔ አልመክርም፦ ምላጩ ቃጫውን ይበልጥ ያደቀዋልና በጨርቁ ያልፋል፣ አረፋውም ብዙ ነው።

ስትቀዳ ሁልጊዜ አማስል። ፍሬ ነገሩ ከሥር ይዘቅጣል፤ ሳይማሰል የተቀዳ የመጀመሪያው ጽዋ ውሃ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከባድ ይሆናል። ከምግብ 3 ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ 100 ሚሊ ሊትር ገደማ በአንድ ትንፋሽ ይጠጣል። ምሬቱን አፍ ውስጥ ማቆየት ምን ይጠቅማል? ምላስና ከንፈር ሲደነዝዝ አትደንግጥ፣ ጠባዩ ነው። ከመድገምህ በፊት 20 ደቂቃ ጠብቅ።

ናካማል
ዓይነቱን በተመለከተ፦ የሚፈለገው «ኖብል» የሚባለው ነው። «ቱዴይ» የሚባለው ድካምና ማቅለሽለሹ እስከ ማግስቱ ይዘልቃል፤ የፓስፊክ ደሴት አገር የሆነችው ቫኑዋቱ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የካቫ ሕግ ወደ ውጭ እንዳይላክ ገድባዋለች። ሻጩ የዝርያውን ስም፣ የበቀለበትን ደሴትና የቤተ ሙከራ ውጤት ካላሳየ አትግዛ። በአሴቶን (የማሟሚያ ኬሚካል) የሚሠራ ሙከራም አለ፦ ትንሽ ዱቄት በሦስት እጥፍ አሴቶን በጥብጠህ ስታስቀምጠው ኖብሉ ፈዛዛ ቢጫ፣ ቱዴዩ ወደ ብርቱካንማ ያደላል። ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም፤ የተሞከረበት ዱቄት ይጣላል። ዱቄቱ ከሥር ብቻ መሆን አለበት፤ ቅጠልና የግንድ ልጣጭ የገባበትን ተወው።

ከአልኮል፣ ከእንቅልፍ ወይም ከጭንቀት መድኃኒት ጋር በፍጹም አይጠጣም። ጉበቱ የታመመ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ይተዉት፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ጠጥቶ መኪና መንዳትም የለም። ሽንት ከጠቆረ ወይም ዓይን ቢጫ ከሆነ ወዲያው አቁሞ ወደ ሐኪም።

ለምለም_ሥር
ምስጋናዬ ብዙ ነው። የተረፈውን ለነገ ማሳደር ይቻላል?

ታኖዋ
ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ ማግስቱ። ስትጠጣው በደንብ ናጠው፤ ከኮመጠጠ ድፋው። እርጥብ አተላውን ግን አታሳድር፣ ቶሎ ይበላሻል።