የዓይብ ሙከራ ፕሮፖዛል፦ ሐሳባችሁን እዚህ ጻፉ

ሰብሳቢ፣ ደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ለዩኒቨርሲቲው የምናቀርበውን የጋራ ፕሮፖዛል እዚሁ ተወያይተን እንጨርሰው። ችግሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ቤት ከአሬራው ጥሩ ዓይብ ያወጣል፣ ጎረቤቱ ከዚያው መጠን ግማሹን አያገኝም። ጾም ሲገባ ደግሞ ወተት ፈላጊ ያጣና ሁሉም ቅቤ ወደ ማውጣት ይሄዳል፣ አሬራው በገፍ ይቀራል። ከ8 ሊትር ወተት አንድ ኪሎ ገደማ ዓይብ ይወጣል ይባላል፤ እኛ ጋ ግን በሥርዓት መዝኖ የጻፈ የለም።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። መጀመሪያ የማሞቂያውን ሙቀት ብቻ እየቀያየርን እንሞክር። ጥሩውን ሙቀት ስናገኝ እሱን ይዘን እሳት ላይ የሚቆይበትን ጊዜ፣ ከዚያ ደግሞ አሬራው ምን ያህል መኮምጠጥ እንዳለበት እናያለን። ምን ትላላችሁ?

የምግብ ምህንድስና መምህር

ጋሼ፣ ችግሩን በደንብ አስቀምጠውታል። በአካሄዱ ላይ ግን አልስማማም፣ ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ሙቀቱና ኮምጣጣነቱ ተነጣጥለው አይሠሩም። ኬዚን የሚባለው የወተት ፕሮቲን ፒኤች (የኮምጣጣነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲቀንስ ይበልጥ ኮምጧል ማለት ነው) 4.6 አካባቢ ሲደርስ በራሱ መጠጣጠር ይጀምራል። በደንብ የኮመጠጠ አሬራ ስለዚህ ለብ ሲል አጓቱ ይለያል፣ ያልኮመጠጠው ግን ብዙ እሳት ይፈልጋል። አሁን በለዘብተኛ አሬራ ጀምረን ሙቀቱን ብቻ ብንፈልግ መልሱ «ከፍ አድርጉት» ይሆናል። ከዚያ ከፍተኛውን ሙቀት ይዘን ወደሚቀጥለው እናልፋለን። በደንብ የኮመጠጠ አሬራ በትንሽ እሳት ምን እንደሚሰጥ ሳናየው ፕሮጀክቱ ያልቃል፣ ምናልባት ደግሞ ማገዶ የሚቆጥበው እሱ ነበር።

ይህን ነገር ሮናልድ ፊሸር በእንግሊዝ ሮትሃምስተድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ሲሠራ ነው ያስተካከለው፤ የሙከራ ንድፍ መጽሐፉ በ1935 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1951 ደግሞ ጆርጅ ቦክስና ዊልሰን በአይሲአይ የኬሚካል ኩባንያ ለፋብሪካ ሥራ እንዲያገለግል አድርገው አሰፉት። ዋናው ነገር ሁሉንም በአንድ ላይ መቀየር ነው፣ ግን በሥርዓት። ሦስት ነገር አለን፣ ለእያንዳንዱ ዝቅተኛና ከፍተኛ እንመርጣለን፣ ሁለት በሁለት በሁለት ስምንት ድስት ይሆናል። ከስምንቱ አራቱ በከፍተኛ ሙቀት፣ አራቱ በዝቅተኛ ናቸው፤ ለቆይታውም እንደዚያው፣ ለኮምጣጣነቱም እንደዚያው። እያንዳንዱ ድስት ለሦስቱም ጥያቄ ይመሰክራል ማለት ነው። አንድ በአንድ ብንሄድ ይህን ያህል እርግጠኛ ለመሆን 16 ድስት ያስፈልገናል፣ መስተጋብሩንም፣ ማለትም አንዱ የሌላውን ውጤት እንዴት እንደሚለውጥ፣ አናየውም።

ዓይብ አምራች፣ ጫጫ

መምህር፣ ስምንት ድስት አያስፈራኝም፣ በዓል ሲሆን ከዚያ በላይ እጥዳለሁ። ግን ሁለት ነገር ልጠይቅ። ዝቅተኛና ከፍተኛ የምትሉትን ማነው የሚወስነው? እኔ በጣቴ ነው የማውቀው፣ ጣቴን ካቃጠለኝ ከእሳት አወርደዋለሁ። በጣም ከጋለ ዓይቡ ይደርቅና አሸዋ አሸዋ ይላል፣ ያንን ገዢ አይነካውም።

ሁለተኛው፣ «ብዙ ዓይብ» ስትሉ ምን ማለታችሁ ነው? በደንብ ሳይጠነፈፍ የሚመዘን ዓይብ ይከብዳላ። ገበያ ላይ እኮ ይህን የሚያደርጉ አሉ። በኪሎ ብቻ ከተለካ አጓት ያልወጣለት ድስት አንደኛ ይወጣል።

መምህሩ

እትዬ፣ ሁለተኛው ጥያቄዎ የፕሮፖዛሉ ልብ ነው፣ እንደዚሁ እጽፈዋለሁ። ከዓይብ ክብደት ሦስት አራተኛው ገደማ ውሃ ነው። ስለዚህ የምንለካው ኪሎውን ሳይሆን ከ5 ሊትር አሬራ የወጣውን ደረቅ ነገር ነው። ከእያንዳንዱ ዓይብ ጥቂት ግራም ወስደን በ105 ዲግሪ ምድጃ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም እናደርቃለን፣ ከዚያ በጠቅላላው እናሰላለን። የመጠንፈፊያውን ጨርቅና ሰዓቱን ለሁሉም አንድ እናደርጋለን።

ሙቀቱን በተመለከተ የሚወስኑት እርስዎና መሰሎችዎ ናችሁ። ጣትዎ የሚያቃጥልበትን በቴርሞሜትር እንለካና ከዚያ ዝቅም ከፍም እናደርጋለን። ለጊዜው 45 እና 65 ዲግሪ፣ 20 እና 60 ደቂቃ ብዬ ይዣለሁ። ለኮምጣጣነት ደግሞ አንድ ቀን መርጋትና ሁለት ቀን መርጋት።

አባል፣ ሸዋ ሮቢት

እዚህ ጋ ልቃወም። «ሁለት ቀን» እኛ ጋና እናንተ ጋ አንድ አይደለም! ደብረ ብርሃን ብርዱ ወተቱን ያዘገየዋል፣ ሸዋ ሮቢት በሙቀቱ ቶሎ ይኮመጥጣል። በቀን ከጻፋችሁት ውጤቱ ጣርማ በርን ሲወርድ ዋጋ ያጣል። በፒኤች ጻፉት፣ 4.6 እና 4.2 በሉት፣ ያኔ እኛም እንጠቀምበታለን።

ቴርሞሜትሩንም በፈላ ውሃ ስትፈትኑ 100 አትጠብቁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ በ90 እና 91 ዲግሪ መካከል ይፈላል፣ እኛ ጋ ወደ 96 ይጠጋል። ጥሩውን ቴርሞሜትር «ተበላሽቷል» ብላችሁ እንዳትጥሉ። በረዶ በውሃ ውስጥ አድርጉና ዜሮ ማንበቡን እዩ፣ እሱ የትም አንድ ነው።

የላቦራቶሪ ባለሙያ

የሸዋ ሮቢቱን እደግፋለሁ። የፒኤች ወረቀት 4.2ን ከ4.6 በአስተማማኝ ሁኔታ አይለይም፣ ስለዚህ የፒኤች መለኪያ ሜትር ተበድረን በየጠዋቱ ፒኤቻቸው 4 እና 7 በሆኑ ማመሳከሪያ ፈሳሾች እናስተካክለዋለን።

አንድ ከባድ ነገር ግን ዘላችኋል። ዓይቡን ሰው ሊቀምሰው ነው። ካልፈላ ወተት ተሠርቶ በ45 ዲግሪ 20 ደቂቃ ብቻ የሞቀ ዓይብ ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፉትን የብሩሴሎሲስና የከብት ቲቢ ተህዋስያን አይገድልም። ይህ እንደተጻፈ ከቀረበ እኔ አልፈርምበትም። ወተቱ ሁሉ ከመርጋቱ በፊት በ63 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይሙቅ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ከፈላ ወተት በተሠራ እርጎ እርሾ ይደረግበት።

ዓይብ አምራች፣ ጫጫ

ታዲያ ጣዕሙ የእኛ ዓይብ መሆኑ ይቀራል እኮ። በወይራ የታጠነ ዕቃስ?

የላቦራቶሪ ባለሙያ

እትዬ፣ ጢሱ ይኑር። ግን ጢስ የሚያኮመጥጡትን ተህዋስያን ስለሚያዘገይ ሁሉም ዕቃ በአንድ ዓይነት ወይራ፣ እኩል ይታጠን። ጢስ ያለውንና የሌለውን ማወዳደር ለሁለተኛው ዙር እንተወው።

ሰብሳቢ

በአንድ ላይ መቀየሩን ተቀብያለሁ፣ 16 በ8 ሲተካ ማን ይጠላል። ግን ወተት በየቀኑ ይለያያል። ሰኞ የመጣው ቅባቱ ከሐሙሱ እኩል አይደለም። ስምንት ድስት ደግሞ በአንድ ቀን፣ በአንድ ምድጃ አይሞከርም፣ መብራትም ይጠፋል።

መምህሩ

ለዚህ ነው ብሎክ የሚባለው ነገር ያለው። ስምንቱን ለሁለት ቀን እንከፍላቸዋለን፣ በቀን አራት አራት። የምንከፍለው እንደተመቸን አይደለም። በየቀኑ ሁለት ከፍተኛና ሁለት ዝቅተኛ ሙቀት፣ ለቆይታውና ለኮምጣጣነቱም እንዲሁ እንዲደርስ አድርገን ነው። ያኔ የቀኑ ልዩነት የሦስቱን ውጤት አይበርዘውም። የምናጣው የሦስቱን የጋራ መስተጋብር ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። በየቀኑ አምስተኛ ድስት በመሃሉ ላይ እንጨምራለን፦ ፒኤች 4.4፣ 55 ዲግሪ፣ 40 ደቂቃ። ይህ ድስት ነገሩ በቀጥታ የሚሄድ ነው ወይስ መሃል ላይ ይጎብጣል የሚለውን ይነግረናል። ከጎበጠ ብቻ ነው ተጨማሪ ደረጃዎችን ወደሚሞክር ሰፊ ንድፍ የምንሄደው፣ ቀድመን ወተት አናባክንም።

የሚያስቸግረው ኮምጣጣነቱ ነው፣ ምክንያቱም በአንድ ቀን ሁለት ዓይነት አሬራ ያስፈልጋል። አንድ ላይ የተሰበሰበውን ወተት ለሁለት ከፍለን ግማሹን ቀድመን በእርሾ እናስጀምር፣ ግማሹ ፍሪጅ ቆይቶ ኋላ ይጀምር፣ ሁለቱም በአንድ ጠዋት ይናጡ። የመሃሉ ከሁለቱ ተደባልቆ በሜትር ይረጋገጥ። እውነቱን ለመናገር በዚህ አሠራር የኮምጣጣነቱ ውጤት ከሌሎቹ ያነሰ እርግጠኝነት ይኖረዋል፤ ሁለት ሁለት ድስት ከአንድ መናጫ ይቀዳሉና። ይህም በፕሮፖዛሉ ይጻፍ፣ ገምጋሚ ከሚያገኝብን እኛ ብንለው ይሻላል።

የድስቶቹ ተራ ደግሞ በዕጣ ይሁን፣ እባካችሁ። ምድጃው እየጋለ ሲሄድ የመጨረሻው ድስት ሁልጊዜ 65 ከሆነ የምድጃውን ነገር ከሙቀቱ መለየት አንችልም።

ፀሐፊ

እሺ፣ ሒሳቡን ሠርቻለሁ። በቀን አምስት ድስት፣ አራት ቀን (ስምንቱን ሁለቴ ማለት ነው)፣ 20 ድስት። አምስት አምስት ሊትር ሲሆን 100 ሊትር አሬራ፣ ወተቱ ቅቤው ስለሚወጣለት ከዚያ ይበልጣል። ቅቤው የየአባሉ ነው፣ ስለዚህ ወተት ያዋጣ ሰው ብዙም አይጎዳም።

የቅምሻው ቀን ግን ያሳስበኛል። አብዛኛው ቀማሽ ጾመኛ ስለሆነ ረቡዕና ዓርብ አይሆንም። ሰኞና ሐሙስ ዓይቡን አውጥተን የሰኞውን ማክሰኞ፣ የሐሙሱን ቅዳሜ እናስቀምስ። ሁሉም ዐቢይ ጾም ሳይገባ ማለቅ አለበት፣ ያለዚያ ለፋሲካ ገበያ አይደርስም።

አባል፣ ሸዋ ሮቢት

ለቅምሻ ከእኛም ከአጣዬም ሰው እናመጣለን፣ ሙስሊም አባሎቻችን በዓርቡም ይቀምሳሉ። ግን ሐሙስ የወጣው አንዱ ጋ በማግስቱ፣ ሌላው ጋ በሁለተኛው ቀን ከተቀመሰ ትክክል አይመስለኝም።

የላቦራቶሪ ባለሙያ

ትክክል አይደለም፣ የሐሙሱ ወደ ሰኞ ይዛወር። ሁለት ሰኞ የነበረው አራት ሰኞ ይሆናል፣ ሁሉም በማግስቱ ማክሰኞ ይቀመስ። ሳህኖቹ ላይ ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ብቻ ይለጠፍ፣ ቀማሹ የትኛው ድስት እንደሆነ አይወቅ፣ ያወጣው ሰውም ለቀማሽ አያቅርብ።

ፀሐፊ

ተስማምቻለሁ፣ አራት ሰኞ ብዬ አስተካክያለሁ። ረቂቁን ዛሬ ማታ እልካለሁ። እስከዚያ የቀሩት፦ ግራም የሚያነብ ሚዛን ያለው ይጻፍልኝ፤ የጫጫዋ እትዬ ጣትዎ የሚያቃጥልበትን ሙቀት እሑድ እንለካ፤ መምህር ደግሞ ውጤቱ የሚሞላበትን ሰንጠረዥ በአንድ ገጽ ሠርተው ይላኩ፣ በአማርኛ ይሁን፣ ድስቱ ጋ የሚቆመው ሰው ነው የሚሞላው።